አምፖሉንስ አጠፋን፤ ቆጣሪው ግን የማን ነው?

ቆጥቡ መባል ለአዲስ አበባ ሰው አዲስ ዜማ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ ሲሆን ቆጥቡ ተባልን። በግንቦት 2011 ዓ.ም. ግድቦቹ ውኃ ጎደላቸው ተብሎ ፈረቃው ሲመለስ ቆጥቡ ተባልን። አሁን ደግሞ ኃይል ተትረፈረፈ፣ ለጎረቤት አገር ሁሉ እየሸጥን ነው በሚባልበት ዘመን ሂሳቡ ሽቅብ ሲወጣብን ጊዜ «እንግዲህ ቆጥባችሁ ተጠቀሙ» እንባላለን። ሲጎድልም ቆጥቡ፣ ሲተርፍም ቆጥቡ! ለመሆኑ ይህ ሕዝብ የማይቆጥብበት ወቅት የትኛው ነው?

ነገሬን አጣምሞ የሚተረጉም እንዳይኖር አስቀድሜ ልናገር። እኔ ቁጠባን የምቃወም ሰው አይደለሁም። ደግሞስ የዚህችን ከተማ እናት ቁጠባ ላስተምር የሚል ማን ነው? የፈላ ውኃ በፔርሙስ አስቀምጣ ለሦስት ጊዜ ሻይ የምታወጣ፣ የከሰል ርዝራዥ በአመድ ዳፍና ለማታ የምታቆይ ሴት ቆጣቢነትን ከማንም ባለሥልጣን አትማርም። ጠቤ ሌላ ነው። ምክሩ የሚሰጠን ስለ አምፖል ነው፤ ሂሳቡን የሚያንረው ግን አምፖል አይደለም። ይባስ ብሎ ድሀው ቆጥቦ ቆጥቦ ያተረፈው ነገር ኪሱ ሳይገባ መንገድ ላይ ይቀራል። ይህን ነው ዛሬ በቁጥር የማሳየው።

መጀመሪያ ስለ ዋጋው። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ሳይነካ የቆየው የቤት ታሪፍ በ2011 ዓ.ም. ተነካ። በየዓመቱ እየተንጠባጠበ ለአራት ጊዜ ጨመረ። ያኔ ለችግረኛው ታስቦ ነው የተባለው የመጀመሪያው እርከን፣ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት፣ አንዱን ኪሎዋት ሰዓት በ27 ሳንቲም ገደማ እየከፈለ እንዲቆይ ተደረገ። ከ500 በላይ የሚጠቀመው ደግሞ በማስተካከያው መጨረሻ 2 ብር ከ48 ሳንቲም ገደማ ደረሰ። ዘጠኝ እጥፍ መሆኑ ነው። ከዚያ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ተለቀቀ። መስከረም 2017 ዓ.ም. ሲጠባም አዲስ ታሪፍ ወጣ፤ ይኸኛው በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ለአራት ዓመት የሚዘልቅ ነው። ከተወሰነ ፍጆታ በላይ ለሚጠቀም ቤት ደግሞ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ተጨመረበት። በየሦስት ወሩ የሚያድግ ነገር ልጅ እንኳ አይደለም! ደመወዝ በየሦስት ወሩ የሚያድግለት ሰው ካለ ብቅ ይበልና እንየው።

እሺ፣ ተቆጠበ እንበል። ከምን ላይ ነው የሚቆጠበው?

ከአምፖል እንጀምር፣ ሁሉም የሚጀምረው ከእሱ ነውና። አራት ክፍል ያለው ቤት በአራት ባለ 60 ዋት የድሮ አምፖል በቀን አምስት ሰዓት ቢያበራ በወር 36 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። አሁን በየሱቁ በሚሸጠው ባለ 9 ዋት ኤል ኢ ዲ ቢተካው 5 ኪሎዋት ሰዓት ከምናምን ብቻ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ አልካድኩም። በ2001 ዓ.ም. ግድም የያኔው ኮርፖሬሽን አሮጌውን አምፖል ተቀብሎ ኃይል ቆጣቢውን ሲያድል የተሰለፍን ሰዎች እናስታውሳለን፤ ጥሩ ሥራ ነበር፣ ጥሩን ጥሩ ማለት ነው። እስከ ዛሬ ቀይ ብርሃን ያለውን አምፖል የሚያበራ ቤት ካለ ነገ ሳይሆን ዛሬ ይቀይር። ነገር ግን አብዛኛው የከተማ ሰው ከቀየረ ቆይቷል። የቀየረ ሰው ከአምፖሉ ላይ ከዚህ በኋላ የሚቆጥበው ነገር ሳንቲም ነው። ልጁ ሽንት ቤት ሄዶ መብራት ሳያጠፋ ወጣ ብሎ የሚጮህ አባወራ ባለ 9 ዋቷን አምፖል ሌሊቱን ሙሉ ቢተዋት አንድ አሥረኛ ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አትሞላም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው ነው።

አህያው ማን ነው? ምጣዱ ነዋ!

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ነጥብ 5 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። በከተማችን ቤት ውስጥ ከሚሰካ ዕቃ ሁሉ ምናልባት ከቅጽበታዊው የሻወር ማሞቂያ በቀር የሚወዳደረው የለም። አንድ ሰዓት የሠራ ባለ 4 ኪሎዋት ምጣድ የበላውን ኃይል ባለ 9 ዋቷ አምፖል ለመጨረስ 444 ሰዓት ያስፈልጋታል፤ በቀን አምስት ሰዓት ብትበራ ሦስት ወር ሊሞላ ምንም አይቀረው። እንግዲህ ሚዛኑን አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

ታዲያ እንጀራ አንብላ? ኧረ አይደለም። ምጣዱ ሸክላ ነው፤ ከስሩ በተቀደደለት ቦይ ውስጥ የተጠመጠመው ሽቦ ይግልና ሸክላውን ያግላል። ሸክላ ደግሞ ለመጋልም ለመቀዝቀዝም ዳተኛ ነው። የመጀመሪያዋ እንጀራ ከመውጣቷ በፊት ሩብ ሰዓት ያህል ባዶውን ይበላል። ስለዚህ በሳምንት ሦስቴ የሚጋግር ቤት ያቺን ሩብ ሰዓት ሦስቴ ይከፍላል፤ አንዴ ለሳምንት የሚጋግር አንዴ ይከፍላል። በወር ሲሰላ ልዩነቱ 8 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ይህ ከላይ ያሰላነው የአራቱም ኤል ኢ ዲ አምፖሎች የወር ፍጆታ ተደርቦ እንኳ የማይሞላው ነው። ማለትም ቤትዎን ወሩን ሙሉ በጨለማ ቢያሳልፉ የሚያተርፉት ነገር ምጣዱን በሳምንት አንዴ ከመጣድ ያንሳል!

ሸክላው ዳተኛ መሆኑ ደግሞ በመጨረሻው ሰዓት ለባለቤቱ ይጠቅማል። ሊጡ ሁለት ሦስት እንጀራ ሲቀረው ምጣዱ ይነቀል፤ በያዘው ሙቀት ይጨርሳል። የመጨረሻዋ ትንሽ ብትገረጣ ለቁርስ ፍርፍር ትሆናለች። አብሲቱ ተጥሎ ሊጡ ተስተካክሎ ሳያልቅ ምጣድ አይሰካም፤ ማሰሻው፣ ሰፌዱ፣ መሶቡ ቀርቦ ነው የሚሰካው። ምጣድ ለኩሶ ጎረቤት ወንፊት ሊዋስ የሚሄድ አለና ነው ይህን ማለቴ። አክንባሎው ሳይገጥም ሲቀር እንፋሎቱ ብቻ ሳይሆን ገንዘቡም ነው የሚወጣው። ከስር ያለው የሙቀት መከለያ የረገፈበት አሮጌ ምጣድም ጠረጴዛውን ነው የሚያሞቀው፤ ለሠሪው ወስዶ ማሳደስ ከወር ሂሳብ ይረክሳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ምጣድ የሚፈልገው 220 ቮልት ነው። ምሽት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ሲሰካ ቮልቱ ይወርዳል፤ 180 ደረሰ እንበል። ሰው «ቮልት ከቀነሰ ሂሳቡም ይቀንስልኛል» ብሎ ያስባል። የፊዚክስ አስተማሪ ቢጠየቅ ግን የምጣዱ ኃይል የሚወርደው ከቮልቱ በባሰ ፍጥነት መሆኑን ይናገራል፤ በ180 ቮልት ባለ 4 ኪሎዋቱ ምጣድ ወደ 2 ነጥብ 7 ይወርዳል። ሸክላው በሩብ ሰዓት የሚግለው በግማሽ ሰዓትም ላይግል ይችላል፤ የሚገባው ሙቀት በጎንና በላይ ከሚወጣው ጋር ትግል ይገጥማልና። እንጀራው ዓይን አያወጣም፤ ሁለት ደቂቃ የሚፈጀው አምስት ይፈጃል። ቆጣሪው እየቆጠረ ነው። በመጨረሻ ለዚያው ለአንድ ሌማት እንጀራ የበለጠ ኪሎዋት ሰዓት ተከፈለ ማለት ነው። እናም ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት መጋገር ለቤቱ ታሪፍ ለውጥ ባያመጣም በዚህ መንገድ ያስከፍላል። የሚችል ሰው ረፋድ ላይ ይጋግር። የማይችለው ግን አለ፤ ቀን ሥራ ውላ ማታ የምትገባዋ። እሷ የደከመ መስመር ቅጣት ትከፍላለች፤ ደረሰኙ ላይ ግን እንዲህ የሚል መስመር አይጻፍም።

ሌላው ሌላው በአጭሩ። ቦይለር ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ የሚያድር ቤት ለራሱ ሳይሆን ለግድግዳው ውኃ እያሞቀ ነው፤ 50 ሊትር ውኃ ከቀዝቃዛ ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2 ኪሎዋት ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃል፤ ሊታጠቡ ሲሉ ሰክተው ሲጨርሱ መንቀል ነው። ፍሪጅ ከግድግዳ መራቅ አለበት፤ የበሩ ጎማ ወረቀት ቆንጥጦ ካልያዘ ይቀየር፤ ትኩስ ድስት አይገባበትም። ካውያ በየቀኑ ለአንድ ሸሚዝ ከሚሰካ የሳምንቱ ልብስ ባንዴ ይተኮስ። ይኸው ነው። ከዚህ በላይ ቴሌቪዥን ከሶኬት ነቅላችሁ ሀብታም ትሆናላችሁ የሚል ሰው ካለ እኔን አያሳምነኝም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ ወደ ግቢው።

በአዲስ አበባ ስንት ሰው በራሱ ቆጣሪ ይኖራል? ኮንዶሚኒየም የደረሰው የየራሱ አለው፤ ቪላ ያለውም አለው። ከዚያ ውጪ ያለው፣ አንድ ግቢ ውስጥ አምስት ስድስት ሰርቪስ ክፍል ተከራይቶ የሚኖረው፣ በቀበሌ ቤት ግድግዳ ተጋርቶ የሚያድረው ሁሉ ባንድ ቆጣሪ ነው። ቆጣሪው በባለቤቱ ስም ነው፤ ሕጉም የባለቤቱ ነው። የዚህ ግቢ ሕገ መንግሥት አልተጻፈም እንጂ ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል። አንቀጽ አንድ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ መብራት አይበራም። አንቀጽ ሁለት፣ ካውያ ቅዳሜ ብቻ። አንቀጽ ሦስት፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ ክልክል። አንቀጽ አራት፣ ምጣድ የሚባል ነገር ስሙ አይነሳ።

«እትዬ፣ ነገ የልጄ ልደት ናት፣ ለአንድ ቀን ብቻ ምጣድ ልሰካ?» 

«አይ የኔ ልጅ፣ ለአንቺ ብፈቅድ ነገ ሌሎቹም ይጠይቁኛል። ካሁን በፊት መጥቶብኝ አይቼዋለሁ።»

ይህን ንግግር ያልሰማ ተከራይ ካለ እጁን ያውጣ። እትዬንም ክፉ ሴት አድርጌ ልስላት አልፈልግም። ብዙዎቹ አከራዮች ሰርቪሷን አከራይተው በዚያች የሚኖሩ ጡረተኞች ናቸው፤ ሂሳቡ በእነሱ ስም ይመጣል፣ ያልከፈለ ተከራይ ሌሊት ዕቃውን ጭኖ ቢጠፋ ዕዳው እነሱ ላይ ነው። ፍርሃታቸው እውነት ነው። የሚያሳዝነው ግን ሁለቱም ድሀዎች፣ አከራዩዋም ተከራይዋም፣ ባንድ ቆጣሪ ዙሪያ ሲናከሱ ደንቡን ያወጣው አካል የለበትም።

ደንቡ ምንድን ነው? ታሪፉ የሚቆጥረው ሰው አይደለም፤ ቆጣሪ ነው። በቆጣሪው ያለፈ ኪሎዋት ሰዓት በበዛ ቁጥር የአንዱ ዋጋ እየጨመረ እርከን በእርከን ይወጣል። በ2011 ዓ.ም. የወጣውን እርከን ብንወስድ 50፣ 100፣ 200፣ 300፣ 400፣ 500 እያለ ነው የሚሄደው። እንግዲህ አንድ ግቢ እንውሰድ። ስድስት ቤተሰብ አለ እንበል፤ እያንዳንዱ ሁለት አምፖል፣ ቴሌቪዥን፣ ስልክ ቻርጅ፣ አንዳንዴ ውኃ ማፍያ፤ በጥንቃቄ ኖሮ በወር 45 ኪሎዋት ሰዓት ይጠቀማል። እያንዳንዱ የራሱ ቆጣሪ ቢኖረው ስድስቱም ለድሀ ታስቦ በተበጀው በ50ው እርከን ውስጥ ናቸው። ባንድ ቆጣሪ ሲሆኑ ግን 270 ነው የሚቆጠረው። አራተኛው እርከን ላይ ተሰቅለው አረፉት! ቆጣሪው ስድስት ድሀ አላየም፤ አንድ ሀብታም ነው ያየው። አሥር ቤተሰብ ያለበት ግቢማ ቪላና ጀነሬተር ካለው ጌታ ጋር እኩል እየተሰላ ነው። ጌታውም ምናልባት ሚስትና ሁለት ልጅ ይዞ ብቻውን 200 ላይ ይሆናል፤ እሱ ከእነሱ በረከሰ እርከን ይከፍላል።

እስቲ ልብ በሉ፤ ለድሀ የተባለው ዋጋ የሚደርሰው ባለቆጣሪ ለሆነ ሰው ነው፤ ድሀ ደግሞ ባለቆጣሪ አይደለም። አዲሱ ታሪፍ በየሦስት ወሩ ሲጨምር፣ ታክሱም ከላይ ሲደረብ በዚህች የተወላገደች መሠረት ላይ ነው የሚደረበው። እያንዳንዱ ቤት ብቻውን ቢሆን ታክሱ የማይነካው ግቢ፣ ባንድ ላይ ሲቆጠር ሊነካው ነው።

ከዚያ ክፍፍሉ ይመጣል። የ270ው ሂሳብ በምን ይከፈላል? በአምፖል ቁጥር የሚያካፍል አለ፣ በሰው ራስ የሚያካፍል አለ፣ «ፍሪጅ ያለው እጥፍ» የሚል አለ፣ ደረሰኙን ሳያሳይ «በዚህ ወር ይህን ያህል አምጡ» የሚልም አለ። ከኪራዩ ጋር አንድ ላይ አስልቶ የሚቀበልም ሞልቷል። በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320 ከወጣ ወዲህ ኪራይ እንደ ልብ መጨመር ቀርቷል ይባላል፤ የመብራት ሂሳብ ግን በጓሮ በር ይገባል። በዚህ ዓይነት ግቢ ውስጥ የሚቆጥብ ሰው ሞኝ ነው። አምፖሉን ያጠፋ ተከራይ የሚያተርፈው የራሱን ሂሳብ ሳይሆን የስድስቱን አንድ ስድስተኛ ነው፤ ያልቆጠበውም ከእሱ እኩል ይካፈለዋል። ይህን እያወቁ «ሕዝቡ የቁጠባ ባህል የለውም» ማለት ምን ይባላል?

ገንዘብ ብቻ ቢሆን ባልጮህኩ። ምጣድና ምድጃ የተከለከለች ተከራይ ምን ታደርጋለች? ከሰል ትገዛለች። ዝናብ ሲሆንባት፣ በረንዳ ላይ ጭስ አበዛሽ ስትባል፣ ማንደጃውን ወደ ውስጥ ታስገባለች። ክፍሏ ሦስት በሦስት ናት፤ መስኮቷ በብርድ ምክንያት ዝግ ነው። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ጭሱ ጠፋ ብላ እፎይ ስትል ነው የሚገድላት። ክረምት በመጣ ቁጥር «ከሰል አፍኗቸው ሞቱ» የሚል ዜና የምንሰማው ለዚህ ነው። የከሰል ፍም ያለበት ክፍል ውስጥ በር ዘግቶ መተኛት የለም፤ ቤተሰብ ያለው ሁሉ ይህን ለልጆቹና ለሠራተኛው ይንገር። ከሰል መጠቀም ግድ ከሆነም ውስጡ ሸክላ የሆነው ላቀች ምድጃ ከቆርቆሮው ማንደጃ ሩቡን ያህል ከሰል ይቆጥባል፤ እሱም ቢሆን የሚነደው ውጪ ነው። ግን የኤሌክትሪክ አገር ነን እየተባለ፣ አንዲት እናት የምጣድ ሶኬት አጠገቧ እያለ በከሰል እንድትታፈን የሚያደርጋት ያ ከደጅ የተሰቀለው አንድ ቆጣሪ ነው።

ደንቡ እስኪስተካከል ድረስ ሰው በእጁ ያለውን ያድርግ። የመጀመሪያው ንዑስ ቆጣሪ ነው፤ በየኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫው ይገኛል፣ ኤሌክትሪክ ሠሪ በግማሽ ቀን ያስገባዋል። ተከራዮች ተዋጥተው በየክፍላቸው ቢያስገቡ እርከኑ ባይወርድም ጠቡ ይወርዳል፤ የቆጠበ ቁጠባውን ያገኛል፣ እትዬም ምጣድ ቢሰካ አይጨንቃቸውም። ንባቡ ግን ከወር ወር በሁሉም ፊት ይወሰድ፣ በወረቀት ተጽፎ በር ላይ ይለጠፍ፣ ከዋናው ቆጣሪ ጋር ይመሳከር። ንዑስ ቆጣሪ አስገብተው የአንዱን ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ራሳቸው እየተመኑ ትርፍ የሚይዙ አከራዮች እንዳሉ ስለምናውቅ ነው፤ ዋናው ደረሰኝ ይታይ ማለት ነውር አይደለም። ሁለተኛው ፍተሻ ነው። አንድ ቀን ተነጋግራችሁ የሁሉንም ክፍል ዕቃ ነቅላችሁ ዋናውን ቆጣሪ ተመልከቱት። ዲጂታል ከሆነ ቀይ መብራቷ ብልጭ ማለቷን ካላቆመች፣ የድሮው ከሆነ ዲስኳ መዞሯን ካልተወች፣ ወይ የተላጠ ሽቦ አለ፣ ወይ ደግሞ ከአጥር ወዲያ ያለ ወዳጅ ከእናንተ እየጠጣ ነው። በዚህች የአሥር ደቂቃ ፍተሻ የወራት ሚስጥር የወጣበት ግቢ አለ።

አሁን ደግሞ ወደ ላይ እንይ፤ ቁጠባ ወደ ታች ብቻ አይደለምና። ሕዝቡ ከመጋቢት 2003 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓባይ ግድብ ቦንድ ገዝቷል፣ የመንግሥት ሠራተኛው የወር ደመወዙን ሰጥቷል፣ ሊስትሮው ሳይቀር ከጠርሙስ ሳንቲሙን አራግፏል። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ 5,150 ሜጋዋት ማመንጨት ይችላል ተባለ። ደስ ብሎናል፣ እልል ብለናል፤ አሁንም አናፍርበትም። ለጂቡቲ፣ ለሱዳን፣ ለኬንያ ይሸጣል። ቢትኮይን የሚባለውን የኮምፒዩተር ገንዘብ ለሚፈለፍሉ የውጭ ኩባንያዎችም በዶላር ተሸጧል። ዶላር ያስፈልጋል፣ ይሁን። ግን ቀንና ሌሊት ያለ እረፍት የሚያጉረመርም የኮምፒዩተር መጋዘን ኃይል ሲገኝለት፣ ለልጅ ልደት ምጣድ ልሰካ የምትል እናት አይገኝላትም ከተባለ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ ማለት ነው። ስለ መንገድ መብራትም ካነሳን፣ እኩለ ቀን ፀሐይ አናት ላይ ሆና የሚበራ የመንገድ ምሰሶ አይቶ የማያውቅ አላፊ አግዳሚ የለም። ኮሪደሩ ያምራል፣ የዘንባባው ግንድ በመብራት ተጠምጥሞ ሌሊቱን ሲያብለጨልጭ ዓይን ይስባል፤ ከኮሪደሩ ጀርባ ባለው ሰፈር ተከራዩ በ4 ሰዓት አጥፋ ተብሎ ጨለማ ውስጥ ተቀምጧል። ቁጠባ መልካም ከሆነ ከዛፉ ይጀመር!

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ኃላፊዎች «ወጪያችንን መሸፈን አለብን፣ የዕቃው ዋጋ በዶላር ነው» ይላሉ። ውሸት ነው አልልም። ትራንስፎርመርም ሽቦም ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ብርም የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። ከ50 በታች ላለው ድጎማ አድርገናል ይላሉ፤ ይህም ወረቀቱ ላይ አለ። እኔ የምጠይቀው ድጎማ ይጨመር ብዬ አይደለም። የተፈቀደው ድጎማ የተፈቀደለት ሰው ጋ ይድረስ ነው የምለው። ይህ ደግሞ አዲስ ግድብ አይፈልግም፤ መዝገብ ነው የሚፈልገው። ተከራይና አከራይ በወረዳ ውል እያስመዘገቡ ነው፤ ማን የት ግቢ ውስጥ እንደሚኖር የመንግሥት መዝገብ ያውቃል። ግብር ሲሆን ያገኙናል፣ መዋጮ ሲሆን በር ያንኳኳሉ። የመብራት እርከን ሲሆን ብቻ ነው ወይ የማንቆጠረው?

ስለዚህ የሚቀጥለው የሦስት ወር ጭማሪ ከመምጣቱ በፊት ይህ ይደረግ። በግቢው የተመዘገበ ውል ያለው ተከራይ በራሱ ስም ቆጣሪ እንዲያወጣ ይፈቀድለት፤ አከራዩም ከተከራይ ዕዳ ነፃ ይሁን። ቆጣሪ እስኪዳረስ ድረስ ደግሞ፣ መቼም ወረፋው ረጅም መሆኑን እናውቃለን፣ ባንድ ቆጣሪ ስር ያሉት ቤተሰቦች በወረዳው ማስረጃ ተቆጥረው እርከኑ በቁጥራቸው ይባዛ። ስድስት ቤተሰብ ያለበት ግቢ 50ው 300 ይሁንለት፤ የታክሱም ወለል እንዲሁ በስድስት ይባዛ። አዲሱ ዋጋ በየሦስት ወሩ ሲወጣም እርከኑ ከነዋጋው በእያንዳንዱ ደረሰኝ ጀርባ በአማርኛና በሌሎቹም ቋንቋዎች ይታተም፤ እትዬም፣ ተከራይዋም፣ እኔም አንብበን እንድናሰላው።